ከአየር ወርዶ አፈር ላይ የተቀመጠ ኬሚካል፦ ለጅማ የትኛው ማስ ስፔክትሮሜትር ይሻላል?

ባለፈው ሳምንት ከጅማ ዞን፣ ከጌራ በኩል የአንድ ማር አምራቾች ማኅበር ጸሐፊ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ንቦቻችን እያለቁብን ነው። ከጎን ካለው የበቆሎ ማሳ የሚረጨው መድኃኒት በነፋስ ይመጣል። አሁን የሚረዳን ሰው አግኝተናል፤ አፈሩን የሚመረምር ማሽን እንግዛ ብለናል። የቱ ይሻላል?»

«ምኑን ልትለኩ ነው?» አልኩት።

«ኬሚካሉን ነዋ!»

«የትኛውን?»

ዝም አለ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

እሱ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። የማስተርስ ተማሪው ይደውላል፣ የወረዳ ባለሙያው ይደውላል፣ ቡና ላኪው ይደውላል። ሁሉም የሚጀምሩት ከማሽኑ፣ ኬሚካልን በክብደቱ ከሚለየው ማስ ስፔክትሮሜትር፣ ስም ነው። ሻጩም የሚጀምረው ከዚያው ነው፤ ካታሎጉን ዘርግቶ «ይሄ የመጨረሻው ሞዴል ነው» ይላል። እዚህ ጽሑፍ ላይ የፋብሪካ ስም አይጠራም። መስፈርቱን መጀመሪያ እናስቀምጥ፤ ከዚያ እያንዳንዱን አማራጭ በእሱ እንለካው።

አፈራችን ላይ ምን ይወርዳል?

በጅማ ዙሪያ ከአየር ወደ አፈር የሚወርደውን በአራት ከፍዬ ነው የማየው።

አንደኛው ጭስ ነው። የማገዶ፣ የከሰል፣ የሚቃጠል ቆሻሻ፣ የአዲስ አበባን መንገድ ይዞ የሚወጣው የጭነት መኪና ጭስ። ጭሱ ውስጥ ፒኤኤች የሚባሉ የኬሚካል ቤተሰቦች አሉ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከእነሱ 16ቱን ለይቶ በዝርዝር አስቀምጧል፤ አብዛኛው ላብራቶሪም የሚለካው እነዚያን ነው።

ሁለተኛው ፀረ ተባይና ፀረ አረም ነው። ገበሬው «ቱ ፎር ዲ» የሚለው፣ ማላታይዮን፣ ክሎርፓይሪፎስ። ዲዲቲንም እዚሁ ጨምሩበት። ለብዙ ዓመታት ለወባ ትንኝ ተብሎ ቤት ለቤት ግድግዳ ላይ ሲረጭ ኖሯል፤ ቅሪቱ ደግሞ በቀላሉ አይጠፋም።

ሦስተኛው ብረታ ብረት ነው። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ድረስ ቀርቷል። ከዚያ በፊት ከጭስ ማውጫው የወጣው እርሳስ ግን የመንገድ ዳር አፈር ላይ አለ። እርሳስ አይበሰብስም፣ አይተንም። የባትሪ ጥገናና የጋራዥ ሰፈር አቧራም ሲጨመርበት አስቡት።

አራተኛው ዳይኦክሲን ነው። ፕላስቲክ፣ በተለይ ክሎሪን ያለበት፣ ከቆሻሻ ጋር በደንብ ሳይነድ ሲጨስ ይፈጠራል። መጠኑ ኢምንት ነው። ጉዳቱ ግን ከመጠኑ ጋር አይመጣጠንም።

እነዚህን አራቱንም የሚለካ አንድ ማሽን የለም። አለ የሚላችሁ ሻጭ ካጋጠማችሁ ቡናችሁን ጠጥታችሁ ሸኙት።

መስፈርቶቹ

ማስ ስፔክትሮሜትር በአጭሩ ሚዛን ነው። ሞለኪውሉን ቻርጅ ይሰጠዋል፣ በክብደቱ ይለየዋል፣ ይቆጥረዋል። ልዩነቱ ያለው ቻርጁን እንዴት እንደሚሰጠውና ከሚዛኑ በፊት ምን እንዳለ ነው። ስለዚህ የምጠይቃቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

የምፈልገው ኬሚካል ሲሞቅ ይተናል ወይስ ይቃጠላል? ነው ወይስ ከነጭራሹ ብረት ነው? መልሱ ግማሹን ምርጫ ይጨርሳል።

ምን ያህል ትንሽ መጠን ማየት አለብኝ? ማይክሮግራም በኪሎ የሚባለውን ልኬት ብዙ ሰው በቃሉ ይለዋል፣ በዓይኑ ግን አይታየውም። በቡና ልንገራችሁ። ባለ 60 ኪሎ የኤክስፖርት ጆንያ 2,500 ደርድሩ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንዲት የቡና ፍሬ ፈልጉ። አንድ ማይክሮግራም በኪሎ ማለት እሷ ናት።

ተመሳሳዮችን ይለያል ወይ? አንድ ዓይነት ክብደት ያላቸው የተለያዩ ኬሚካሎች ሞልተዋል። ወደዚህ ደጋግሜ እመለሳለሁ።

መብራት፣ ጋዝና ውኃ? ይሄ በካታሎግ ላይ በትንሹ ፊደል የሚጻፈው ነው። ጅማ ላይ ግን በትልቁ ነው መጻፍ ያለበት።

ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ሠራተኛውስ ሥልጠና ወስዶ ሲያበቃ አዲስ አበባ ቢቀጠርስ?

የመጨረሻው ገንዘብ ነው። የማሽኑን ዋጋ ብቻ አትጠይቁ። አንድ ናሙና ሲለካ ስንት ይፈጃል በሉ። ሶልቨንት (ኬሚካሉን ከአፈር የሚያወጣው ፈሳሽ)፣ ስታንዳርድ (ለማነጻጸሪያ የሚለካ፣ መጠኑ የታወቀ ኬሚካል)፣ ጋዝ፣ መለዋወጫ፤ ሁሉም በውጭ ምንዛሪ ነው የሚመጣው።

ከማሽኑ በፊት ያለችው ሁለት ሴንቲ ሜትር

ውድ ማሽን ያላቸው ሰዎች ሲሳሳቱ በብዛት ያየሁት እዚህ ጋ ነው። ከአየር የወረደ ነገር የሚቀመጠው ከላይ ነው። የእርሻ ባለሙያ ግን ናሙና ሲባል የለመደው እስከ 20 ሴንቲ ሜትር መቆፈር ነው፤ ለማዳበሪያ ምክር ልክ ነው። ለእኛ ሥራ አይሆንም። የላይኛው 1 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 100 ማይክሮግራም በኪሎ ቢኖርና እናንተ 20 ሴንቲ ሜትር ደባልቃችሁ ብታመጡ፣ ማሽኑ የሚያየው 5 ነው። በገዛ አካፋችሁ ሃያ እጥፍ አቀጠናችሁት። ከላይ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ጥረጉ። ያልታረሰ ቦታ ምረጡ። ከዚያው ጉድጓድ ከ40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ሌላ ናሙና ለማነጻጸሪያ ያዙ። ነፋሱ ከሚመጣበት፣ ከምንጩ ማዶ ካለ ቦታም አንድ ሁለት።

ወቅቱም ለውጥ አለው። የእኛ ዝናብ ረጅም ነው። ክረምት ላይ ከላይ ያለው ታጥቦ ወደ አዌቱ ወንዝ ይወርዳል፣ ከዚያም ወደ ቦዬ ረግረግ። ለጭስና ለአቧራ ጥር መጨረሻና የካቲት መጀመሪያ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሳምንት የተጠራቀመው ገና አልታጠበም። ለፀረ ተባይ ግን ካሌንደሩን የሚወስነው ርጭቱ ነው። ማላታይዮን አፈር ላይ በቀናት ውስጥ ይፈርሳል። ከወር በኋላ ሄዳችሁ «የለም» ብትሉ አልነበረም ማለት አይደለም።

ዕቃውን በተመለከተ የራሴን ልናዘዝ። የመጀመሪያ ናሙናዎቼን የሰበሰብኩት በፌስታል ነው። አፈር በፌስታል፣ ምን አለበት ብዬ። አትንኖ የሚለካው ማሽን፣ ጂሲ-ኤምኤሱ፣ ላይ ሳስገባው ስክሪኑ ላይ ተራራ የሚያክል ፒክ (የምልክት ጉብታ) ቆመ። ክብደቱ 149። ሌላውን ሁሉ ሸፍኖታል። 149 ማለት ፕላስቲክን የሚያለሰልሰው ፍታሌት የሚባለው ኬሚካል ነው። አሥራ ስምንት ናሙና፣ አሥራ ስምንት ጊዜ ፌስታል ለካሁ። ከዚያ ወዲህ የመስታወት ብልቃጥ ነው፣ ከክዳኑ ሥር ፎይል። ለብረታ ብረት ግን በተቃራኒው ነው፤ የብረት ማንኪያ አትጠቀሙ፣ ንጹሕ ፕላስቲክ ይሻላል።

ጂሲ-ኤምኤስ፦ የሥራ ፈረስ

ናሙናውን አሙቆ አትንኖ ኮለም በሚባል ቀጭን ረጅም ቱቦ ውስጥ ይነዳዋል። ኬሚካሎቹ በተለያየ ሰዓት ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ ሲወጣ በኤሌክትሮን ተመትቶ ይሰባበራል። ምቱ በየትኛውም ዓለም አንድ ነው፤ 70 ኤሌክትሮን ቮልት። ስለዚህ ጅማ ላይ የተሰበረው ሞለኪውል ሌላ አገር ከተሰበረው ጋር አንድ ዓይነት ስብርባሪ ይሰጣል። የማሽኑ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ገብቶ ማመሳከር የሚቻለውም ለዚህ ነው። የማታውቁትን ኬሚካል ለመገመት ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

ፒኤኤች፣ ዲዲቲና ዘመዶቹ፣ ክሎርፓይሪፎስ፣ ኢንዶሰልፋን፤ ሁሉም እዚህ ይለካሉ። የተመረጡ ክብደቶችን ብቻ እንዲያይ ካዘዛችሁት ጥቂት ማይክሮግራም በኪሎ ድረስ ይወርዳል። ሁለት ሚዛን በተከታታይ ያለው ባለ ሦስት ኳድሩፖል የሚባለው ዓይነት ከ1 ማይክሮግራምም በታች ያያል። ዋጋውም እንደዚያው ይወጣል።

አሁን ስለ ተመሳሳዮቹ። ፒኤኤች የሆኑት ፍሎራንቲንና ፓይሪን ሁለቱም ክብደታቸው 202 ነው። በሚዛን ብቻ አይለዩም። ኮለሙ ግን ለያይቶ ያወጣቸዋል፤ መጀመሪያ ፍሎራንቲን፣ ትንሽ ቆይቶ ፓይሪን። ይሄ የኬሚስት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፍሎራንቲኑን ለሁለቱ ድምር ስታካፍሉት ከ0.5 በላይ ከሆነ ጭሱ ወደ እንጨት፣ ሣርና ከሰል ያደላል። ከ0.4 እስከ 0.5 ከሆነ ነዳጅ ሲቃጠል የወጣ ነው። ከ0.4 በታች ያልተቃጠለ ነዳጅ ወይም ዘይት። የማገዶው ነው ወይስ የመኪናው ለሚለው የሰፈር ክርክር መነሻ የሚሆን ቁጥር ይሄ ነው። ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ ፀሐይና ጊዜ ቁጥሩን ያዛባሉ። ግን ሁለቱን ካልለያችሁ ክርክሩንም መጀመር አትችሉም።

ድክመቱ? አንደኛ፣ አፈሩን እንዳለ አይበላም። 10 ግራም ያህል አፈር በሶልቨንት ማውጣት፣ ማጥራት፣ ማክሳት አለ። ሶክስሌት የሚባለው የድሮ ዘዴ ሌሊቱን ሙሉ የሚፈስ ውኃ ይፈልጋል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይሄን አልመክርም፤ በአልትራሳውንድ አውጡ። የቡና ጥላ ሥር ያለው አፈር ብስባሹ ብዙ ስለሆነ የሚወጣው ፈሳሽ ሻይ ይመስላል። በሲሊካ ካላጠራችሁት ማሽኑን ያቆሽሻል። ከረግረግ ዳር የመጣ ከሆነ ድኝ አለበት፤ የመዳብ ዱቄት ጨምሩበት፣ ድኙን ይዞ ይጠቁራል።

ሁለተኛው ሳይታወቅ የሚያሳስት ነው። መግቢያው ላይ ያለችው የመስታወት ቱቦ፣ ላይነር፣ ስትቆሽሽ ዲዲቲን እዚያው ሰብራ ዲዲኢና ዲዲዲ ታደርገዋለች። ዲዲኢ በዛ ማለት ደግሞ በተለምዶ «የድሮ ርጭት ነው፣ አፈር ውስጥ ቆይቶ ፈርሷል» ተብሎ ይተረጎማል። የትናንቱ ርጭት በቆሸሸች ላይነር ምክንያት የድሮ ሆኖ ሊነበብ ይችላል ማለት ነው። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ንጹሕ ዲዲቲ ብቻ አስገቡና ስንት በመቶው እንደተሰበረ እዩ። ከ20 በመቶ ካለፈ ላይነሯን ቀይሩ።

ሦስተኛው መብራት ነው። ውስጡ ቫኪዩም ነው፤ በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ የሚሽከረከር ፓምፕ ይዞታል። መብራት ድንገት ሲሄድ የፓምፑ ድምፅ ቀስ እያለ ሲወርድ ትሰማላችሁ። ያ ድምፅ ሆድ ይበላል። ሲመለስ ስክሪኑ ላይ 18፣ 28 እና 32 ቁጥሮች ከፍ ብለው ይቆማሉ፤ ውኃ፣ ናይትሮጂን፣ ኦክስጂን። እነሱ እስኪወርዱ መጠበቅ ነው፤ አንዳንዴ እስከ ማግስቱ። ኤሌክትሮኑን የሚያወጣውን ሽቦ፣ ፊላመንቱን፣ ቸኩላችሁ ካበራችሁት ይቃጠላል። ስለዚህ ዩፒኤስ ከማሽኑ ጋር በአንድ ፕሮፎርማ ይግባ። ኮለሙን የሚያሞቀው ኦቭን ብቻ ከ2 ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ የኮምፒውተር ዩፒኤስ አይበቃም።

በጋዝ በኩል ግን ቁጥብ ነው። በደቂቃ 50 ሚሊ ሊትር ሂሊየም ቢወስድ፣ 10 ሜትር ኩብ የያዘ ሲሊንደር ከአራት ወር በላይ ይቆያል።

ኤልሲ-ኤምኤስ-ኤምኤስ፦ ለማይተነው

ሲሞቅ የሚበላሸውን በፈሳሽ ይዞ ይለየዋል። ከዚያ ፈሳሹን ቻርጅ ባለው ስፕሬይ ወደ ሚዛኑ ይነፋዋል። በዚህ የስፕሬይ ዘዴ ኬሚስቱ ጆን ፌን በ2002 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተካፍሎበታል። ቱ ፎር ዲ፣ ካርበንዳዚም፣ ኢሚዳክሎፕሪድ የመሳሰሉት እዚህ ነው ቤታቸው። አዘገጃጀቱም ቀላል ነው፤ ክዌቸርስ የሚባለውን የጨውና የአሴቶናይትራይል ዘዴ ለአፈር አስተካክሎ መጠቀም ይቻላል። በአንድ ሩጫ ከመቶ በላይ ፀረ ተባይ ማየት የተለመደ ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ግላይፎሴት በዚያ የመቶ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። የራሱ ዘዴ፣ የራሱ ኮለም ወይም ቅድመ ዝግጅት ይፈልጋል። ገበሬው በብዛት የሚረጨው እሱ ሆኖ ሳለ «ሁሉንም ፀረ ተባይ ለክተናል» የሚል ሪፖርት ካያችሁ ግላይፎሴት አለበት ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛው፣ የአፈሩ ብስባሽ ስፕሬዩ ላይ ሲደርስ ምልክቱን ያፍነዋል። ኬሚካሉ እያለ ያነሰ ይመስላል። ለዚህ መድኃኒቱ ስታንዳርዱን ንጹሕ ሶልቨንት ውስጥ ሳይሆን ከብክለት ነፃ በሆነ የዚያው አካባቢ አፈር ውህድ ውስጥ ማዘጋጀት ነው። የጅማን ቀይ አፈር በሌላ አገር አሸዋ አትለኩ።

ናይትሮጂን ሳያቋርጥ ይጠጣል። በሲሊንደር አይሆንም፤ ናይትሮጂን ከአየር የሚያወጣ ጄኔሬተር ያስፈልጋል፣ ጄኔሬተሩ ደግሞ ኮምፕሬሰርና መብራት። ዋጋው ከተራው ጂሲ-ኤምኤስ በብዙ ይበልጣል።

አይሲፒ-ኤምኤስ፦ ለብረታ ብረት

አፈሩ በናይትሪክ አሲድ ይሟሟል። ከዚያ በብዙ ሺህ ዲግሪ በሚነድ የአርጎን ፕላዝማ ውስጥ ያልፋል። የአፈሩ ሞለኪውል የሚባል አይተርፍም፤ አተም ብቻ ነው የሚቀረው። እርሳስ፣ ካድሚየም፣ አርሰኒክ በአንድ ጊዜ ይለካሉ።

ጥቅሙ መጠን ማየቱ ብቻ አይደለም። እርሳስ አፈር ውስጥ በተፈጥሮም አለ። «20 ሚሊግራም በኪሎ አገኘን» ማለት ምንም ማለት ላይሆን ይችላል። ከላይኛው 2 ሴንቲ ሜትርና ከ40 ሴንቲ ሜትሩ ጋር አነጻጽሩት። የላይኛው በግልጽ ከበለጠ ከአየር ወርዷል ብሎ ለመጠርጠር ምክንያት አለ። የእርሳስ 206 እና 207 ጥምርታ ደግሞ የድንጋዩ እርሳስ ነው ወይስ የቤንዚኑ ለሚለው ፍንጭ ይሰጣል።

የሚያሳስተው ቁጥር 75 ነው። አርሰኒክ 75 ነው። ፕላዝማው ውስጥ አርጎንና ክሎሪን ሲጣበቁም 75 ናቸው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጨምራችሁ አፈሩን ካሟሟችሁ የሌለ አርሰኒክ ትፈጥራላችሁ። እንዲህ የተጣበቁትን የሚያስቀር፣ በሂሊየም የሚሠራ ኮሊዥን ሴል የሚባል ክፍል ያለው ማሽን ካልሆነ አትግዙ። ሜርኩሪን ደግሞ እዚህ ውስጥ አታስገቡት። ቱቦው ላይ ተለጥፎ ለቀጣዩ ናሙና ይተርፋል፤ ለእሱ የራሱ አነስተኛ መሣሪያ አለው።

ችግሩ አርጎን ነው። በደቂቃ 18 ሊትር ያህል ይበላል። ያው 10 ሜትር ኩብ ሲሊንደር ስንት ይቆያል? ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። አንድ የሥራ ቀን! እያንዳንዱ ሲሊንደር ደግሞ 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ተጭኖ ነው የሚመጣው። ማሽኑ ተገዝቶ፣ ሪባን ተቆርጦ፣ አርጎን ጠፍቶ በሸራ ተሸፍኖ የተቀመጠበት ክፍል ገብቼ አውቃለሁ። የት እንደሆነ አልናገርም። ሸራው ላይ አቧራ ነበረበት፤ እሱ ራሱ ጥሩ ናሙና ይወጣው ነበር።

ከፍተኛ ጥራት ያለው ሚዛን፦ ለዳይኦክሲን

በአጭሩ ልለፈው። ዳይኦክሲንና ፉራን ከሚባሉት ውስጥ መርዛማ ተብለው የሚለኩት 17 ናቸው። መደበኛው የአሜሪካ ዘዴ ከአፈር ውስጥ 1 ናኖግራም በኪሎ እንዲታይ ይጠይቃል። ከላይ ያስቆጠርኳችሁን ጆንያ በሺህ አባዙት። ማሽኑ ትልቅ ክፍል ይሞላል፣ ጠባቂ መሐንዲስ ይፈልጋል። ጅማ ላይ አትግዙ። ናሙናውን በብልቃጥ አድርጋችሁ ውጭ ላኩ። ብዙ ናሙና ካላችሁ ባለ ሦስት ኳድሩፖል ጂሲ እየተሻሻለ መጥቷል፤ የአውሮፓ ኅብረት ለምግብና ለመኖ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተቀብሎታል።

አፈሩ ላይ በቀጥታ የሚለኩት፣ ተንቀሳቃሹና ኤክስሬዩ

ተማሪዎች በብዛት የሚወዱት ይሄንን ነው። ዴዚ የሚባለው በ2004 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ቻርጅ ያለው ስፕሬይ ገጹ ላይ ተረጭቶ የተነሳውን ይመዝናል። ዳርት በዓመቱ ተከተለ። ሶልቨንት የለም፣ ማጥራት የለም፣ ውጤቱ በሰከንድ። የአፈር ገጽን ለመመርመር ከዚህ ሌላ ምን ይምጣ ያሰኛል።

ግን ኮለም የለም። 202 ላይ ፒክ ሲቆም ፍሎራንቲን ይሁን ፓይሪን አታውቁም። ያ የማገዶና የመኪና ክርክር እዚህ ይሞታል። አፈር እንደ መስታወት ለስላሳ ስላልሆነ ሁለት ጊዜ ስትለኩ ሁለት ቁጥር ይመጣል። ዳርት ደግሞ ሂሊየም በደቂቃ በሊትር ነው የሚጠጣው። ከመቶ ናሙና ውስጥ አጠራጣሪዎቹን አሥር ለመምረጥ ግሩም ናቸው፤ ሪፖርት ላይ ቁጥር ለመጻፍ ግን አልተማመንባቸውም።

በእጅ የሚያዘው ተንቀሳቃሽ ጂሲ-ኤምኤስ የተሠራው ለድንገተኛ አደጋ ነው። የፈሰሰ ሶልቨንት፣ የሚሸት ጋዝ ላይ ጎበዝ ነው። አፈር ላይ ለከረመ ጥቂት ማይክሮግራም አይደርስም።

ማስ ስፔክትሮሜትር ባይሆንም የእጅ ኤክስሬይ መሣሪያውን ማንሳት አለብኝ። ለእርሳስ ጋዝ አይፈልግም፣ አሲድ አይፈልግም፤ በባትሪ ነው የሚሠራው። 10 ሚሊግራም በኪሎ አካባቢ ድረስ ያያል። እርሳስ በበዛበት አፈር ላይ አርሰኒክን አትመኑት፤ የሁለቱ ጨረር አንዱ ባንዱ ላይ ይወድቃል። አፈሩም ይድረቅ። በሐምሌ ጭቃ የተለካ ቁጥር ዝቅ ብሎ ነው የሚወጣው።

በሰንጠረዥ

| አማራጭ | ለምን ይሆናል | የሚያየው ዝቅተኛ መጠን (በኪሎ አፈር) | ተመሳሳይ ክብደት ይለያል? | ጅማ ላይ የሚከብደው | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ጂሲ-ኤምኤስ (ተራው) | ፒኤኤች፣ ዲዲቲ፣ የሚተኑ ፀረ ተባዮች | ጥቂት ማይክሮግራም | አዎ፣ በኮለሙ | መብራት | መካከለኛ |
| ጂሲ-ኤምኤስ-ኤምኤስ (ባለ ሦስት ኳድሩፖል) | ከላይ ያሉት፣ በትንሽ መጠን | ከ1 ማይክሮግራም በታች | አዎ | መብራት፣ ጥገና | ከፍተኛ |
| ኤልሲ-ኤምኤስ-ኤምኤስ | ቱ ፎር ዲ፣ አዳዲስ ፀረ ተባዮች | 1 ማይክሮግራም አካባቢ | በአብዛኛው | መብራት፣ ናይትሮጂን፣ ሶልቨንት | ከፍተኛ |
| አይሲፒ-ኤምኤስ | እርሳስ፣ ካድሚየም፣ አርሰኒክ | በማይክሮግራም ደረጃ | በኮሊዥን ሴል | አርጎን | ከፍተኛ |
| ከፍተኛ ጥራት ያለው | ዳይኦክሲን | 1 ናኖግራም | አዎ | ሁሉም ነገር | እጅግ ከፍተኛ |
| ዴዚና ዳርት | ፈጣን ማጣሪያ | ይዋዥቃል | አይለይም | ሂሊየም (ለዳርት) | ከፍተኛ |
| የእጅ ኤክስሬይ | እርሳስና ሌሎች ብረቶች | 10 ሚሊግራም አካባቢ | እርሳስና አርሰኒክን ያምታታል | እርጥበት | ዝቅተኛ |

ማን ምን ይያዝ?

የማስተርስ ተማሪ ከሆናችሁና ጊዜያችሁ አንድ ዓመት ከሆነ፣ ፒኤኤች ወይም ዲዲቲ ምረጡና በተራው ጂሲ-ኤምኤስ ሥሩ። ዘዴው የታወቀ ነው፣ የሚያግዛችሁ ሰው ታገኛላችሁ። በአንድ ጥናት ውስጥ ብረትም ፀረ ተባይም ዳይኦክሲንም እለካለሁ የሚል ፕሮፖዛል ሳይ ለአማካሪው አዝናለሁ።

የወረዳ ወይም የከተማ መሥሪያ ቤት ከሆናችሁና የምትጨነቁት ስለ ጋራዥ ሰፈርና መንገድ ዳር ከሆነ፣ የእጅ ኤክስሬይ ተዋሱ ወይም ግዙ። ካርታ ሥሩ። ቀይ የበራበትን አሥር ቦታ ብቻ አይሲፒ-ኤምኤስ ወዳለበት ላኩ። በአርጎን ገንዘብ ሌላ ብዙ ሥራ ይሠራል።

ቡና ላኪ ወይም ዩኒየን ከሆናችሁ ነገሩ ሌላ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ጃፓን ከእኛ በሄደ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አግኝታ ገበያው ተናግቶ ነበር። ያኔ ጣት የተቀሰረው ማሳው ላይ ሳይሆን ጆንያው ላይ ነው። አፈሩ ንጹሕ መሆኑን የሚያሳይ ቁጥር በእጅ መኖሩ ለእንዲህ ዓይነት ቀን ይጠቅማል። የአውሮፓ ኅብረት ልዩ ገደብ ላልወጣለት ፀረ ተባይ በምርቱ ላይ የሚጠይቀው 0.01 ሚሊግራም በኪሎ ነው። ስለዚህ ባለ ሦስት ኳድሩፖል፣ ጂሲም ኤልሲም፣ ያስፈልጋችኋል። ግን አትግዙ። እውቅና ካለው ላብራቶሪ ጋር ዓመታዊ ውል ያዙ። ማሽኑን መቀለብ የሚያዋጣው በሳምንት ብዙ ናሙና ሲኖር ነው።

አዲስ ላብራቶሪ የምታቋቁሙ ከሆናችሁና ገንዘቡ ለአንድ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ የእኔ ድምፅ ለተራው ጂሲ-ኤምኤስ ነው። ከተረፈው ዩፒኤስ፣ የሁለት ዓመት መለዋወጫና ስታንዳርድ ግዙ። ሁለት ሰው አሠልጥኑ፣ አንድ አይደለም። ከሁለት ዓመት በኋላ ናሙናው ከበዛ ባለ ሦስት ኳድሩፖሉ ይምጣ።

ወደ ጌራው ጸሐፊ ልመለስ። ማሽን አትግዙ አልኩት። መጀመሪያ ቅር አለው። የሚረጨው የትኛው እንደሆነ ባታውቁም፣ ቱ ፎር ዲ አረም ማጥፊያ ነው፤ ንብ በመግደል ይበልጥ የሚጠረጠረው ፀረ ነፍሳቱ ነው፤ ስለዚህ የሞተውን ንብ ራሱን በረዶ ውስጥ አስቀምጡና ከአፈሩ ጋር ኤልሲ-ኤምኤስ-ኤምኤስ ላለው ላኩ አልኩት። ከማሳው ወዲህ ስድስት ቦታ፣ ከማሳው ወዲያ ነፋሱ ከሚመጣበት ስድስት ቦታ፣ ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር። ከዚያ ቀጣዩ ርጭት መቼ እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ማክሰኞ ነው የሚሉት።»

«እንግዲያው ረቡዕ ጠዋት እመጣለሁ።»

«ብልቃጥ እኛ ጋ ሞልቷል፣ ጋሼ። የማር ብልቃጥ።»

ማር ያልገባበት ይሁን አልኩት። በሳሙና ታጥቦ፣ በአሴቶን ተለቅልቆ፣ ከክዳኑ ሥር ፎይል። አሥራ ሁለት፤ አንድ ደግሞ ባዶውን ከፍቶ ዘግቶ የሚመለስ፣ አሥራ ሦስት። ፌስታል የያዘ ሰው ግን አጠገቤ እንዳይደርስ።